ሽቅብ ሃያ ደቂቃ፣ ቁልቁል ሦስት

ልጄ ቁስሉን አራት ቀን ደብቆን ነበር። ወሩ መጋቢት ነው፤ ወረታ በመጋቢት ምን ያህል እንደምትሞቅ የሚያውቅ ያውቀዋል። እሱ ግን እጅጌው እስከ መዳፉ የሚደርስ ሹራብ ለብሶ ይውላል። «ብርድ ይዞት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። በአምስተኛው ቀን እናቱ ልታጥብለት «አውልቅ» ስትለው እምቢ አላት። ስትጠራኝ፣ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ከድምፅዋ ገባኝ። ሹራቡ ክንዱ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ለብ ባለ ውኃ እያራስን በቀስታ አላቀቅነው። ከክርኑ እስከ አንጓው ቆዳው ተልጧል። ደቃቅ ጠጠር ከሥጋው ጋር ተቀላቅሎ፣ የቁስሉ ዳር መግል ቋጥሯል።

«ከየት ያመጣኸው ነው?»

«ወድቄ።»

«ከምን?»

መልስ አልሰጠኝም። መሬት መሬቱን ያያል። ከምን እንደወደቀ ግን ሳይነግረኝም አውቄዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ወር በፊት ነው። ከተማችን ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚያልፈው አስፋልት ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ የተቆረቆረች ናት። በስተምዕራብ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ተዘርግቷል። በስተምሥራቅ ግን መንገዱ ዳገት ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ መንገድ 900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ መውጣት ማለት ነው። ጭነት የበዛበት አይሱዙ ይህን ዳገት የሚወጣው እያቃሰተ፣ ከእግረኛ ብዙም ሳይፈጥን ነው። ልጆቹም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። በአንድ እጃቸው የብስክሌታቸውን መሪ፣ በሌላው የመኪናውን ኋላ ጨብጠው ያለ ምንም ድካም ይወጣሉ። ከዚያ መኪናውን ይለቁና ፊታቸውን አዙረው ቁልቁል ይወረወራሉ።

አንድ ጎረቤታችን ልጄን በዓይኑ አይቶ ነገረኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ብስክሌቱን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ጠፍሬ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። «ሁለተኛ ብስክሌት ላይ እንዳላይህ!» አልኩት። «እሺ አባዬ» አለኝ። እኔም አንድ ወር ሙሉ አባትነቴን በሚገባ የተወጣሁ መስሎኝ ተኛሁ።

እሱ ግን የጓደኛውን ብስክሌት እየተዋሰ መሄዱን ቀጥሎ ኖሯል። ያ ብስክሌት ጭራሽ ፍሬን የለውም። የሚያቆሙት የጫማቸውን ሶል ከኋላ ጎማው ላይ በመጫን ነው። የወደቀው ጫማው ሸርተት ሲልበት ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ባለሙያዋ ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቅማ፣ ቁስሉን አጥባ፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ወጋችው። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞር አለችና «አራት ቀን ሙሉ ለምን ለእናንተ አልነገራችሁም?» አለችኝ። ጥያቄው ለልጁ ሳይሆን ለእኔ መሆኑ አሳፈረኝ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴ ደግሞ ቀሪውን ጨመረችልኝ። «ብስክሌቱን አሰርከው እንጂ ልጁን አላሰርከውም። ያሰርከው አፉን ብቻ ነው።»

ቁስሉ ሲሽር ሰንሰለቱን ፈታሁ። ብስክሌቱን እየገፋን ከልጄ ጋር ወደ ሠፈራችን ጠጋኝ ወሰድነው። ወጣቱ የፍሬኑን እጄታ ጨበጥ አደረገው። እጄታው ያለ ምንም ችግር ሄዶ መሪውን ነካ። የፍሬኑ ጎማ አልቆ ብረቱ ቀርቷል፤ ሽቦው ዝጎ ተበጣጥሷል። «ጋሼ፣ ይሄ ፍሬን ለጌጥ ነው የተቀመጠው» አለኝ። ብስክሌቱን ከባሕር ዳር አሮጌ ሲሸጥ ገዝቼ ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ስገዛው ቀለሙን፣ ጎማውን፣ ካቴናውን አይቻለሁ፤ ፍሬኑን ግን አልጨበጥኩትም ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ፍሬኑ ቢደክምም ማንም ልብ አይለውም። ለእኛ ዳገት ግን ያ ብስክሌት ገና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አደጋ ነበር። ልጄን በሰው ብስክሌት ሄደ ብዬ ስቆጣ፣ በራሱም ቢሄድ ያው ነበር።

የፊትና የኋላ የፍሬን ጎማ ከነሽቦው አስቀየርን። ለእኔም አንድ አሮጌ ብስክሌት ተዋስኩ። ከዚያም እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁለታችን ወጣን።

አስፋልቱን ጨርሶ እንዳንነካ ተስማምተናል። ከከተማዋ ዳር ከብት የሚወጣበት የእግር መንገድ አለ። ብስክሌታችንን እየገፋን ኮረብታው ላይ እስካለው ግራር ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ከዚያ ላይ ሆኖ ሜዳው በሙሉ ይታያል። ሩዝ ከታጨደ ቆይቷልና ማሳው ገርጥቷል፤ ጥቁሩ አፈር እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተሰነጣጥቋል፤ ከማዶ ጣና እንደ ጭስ ብዥ ብሏል። ቁልቁል ለመውረድ ደግሞ ሦስት ደቂቃ በቂ ነው። ሽቅብ ሃያ፣ ቁልቁል ሦስት፤ ዙራችን ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ዙር የወደቅሁት እኔ ነኝ። ከመታጠፊያው መሐል ስደርስ ደንግጬ ፍሬኑን አጥብቄ ጨበጥኩት፤ የፊት ጎማዬ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና በጎኔ ተጋደምኩ። ልጄ ከታች ሮጦ መጣ። ደህና መሆኔን ሲያይ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ሳቁ ሲያልቅ ግን «አባዬ፣ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው። ከገባህ በኋላ ትለቀዋለህ፤ ዓይንህን ደግሞ ከድንጋዩ ላይ አንሳና መውጫውን እይ» አለኝ።

ይህን ማን እንዳስተማረው አልጠየቅሁትም። የከፈለበትን ክንዱ ላይ አይቻለሁና።

ተመልሰን ገፍተን ወጣን። እዚያው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ልቤ መታ። ከመግባቴ በፊት ያዝ አድርጌ፣ ስገባ ለቀቅኩ፤ አለፍኩት። በሦስተኛው ዙር ደግሞ ከሁለተኛው የተሻለ ሄድኩ። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው የተሳሳተበትን ቦታ ጥሎት ያልፋል፤ ምናልባትም ዳግም አያገኘውም። አጭር ዙር ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ያቆምሃል። ያንኑ መታጠፊያ፣ ያንኑ ጠጠር፣ ያንኑ ፍርሃት ይሰጥህና «እስቲ እንደገና» ይልሃል። በአባትነቴም ያገኘሁት ይህንኑ ሁለተኛ ዙር ነበር።

ስለ ነገሩ ማንበብ ስጀምር ቁልቁለትን የእኛ ልጆች ብቻ እንዳልወደዱት አወቅሁ። በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባል አካባቢ፣ ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ከባድ ብስክሌታቸውን በጭነት መኪና ጭነው ተራራ ላይ ያወጡና ቁልቁል ይሽቀዳደሙ ነበር። መንገዱ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት 400 ሜትር ያህል የሚወርድ ነው። ፍሬኑ ከኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ስለሆነ በግለቱ ግራሱ እየጨሰ ያልቃል። ስለዚህም ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ፈትቶ እንደገና ግራስ መሙላት የግድ ነበር። ቁልቁለቱን «ሪፓክ» ያሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የተራራ ብስክሌት ካደገባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ የተራራ ብስክሌት የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። ይህን ለልጄ ሳነብለት እሱን የገረመው ሌላ ነገር ነው። «እነሱም ታዲያ በመኪና ነበር የሚወጡት!» አለኝ። «ከላይ ተጭነው እንጂ ከኋላ ተንጠልጥለው አይደለም» አልኩት።

እኔን የገረመኝ ግን የቁልቁለቱ ስም ከፍሬን መምጣቱ ነው። ለካ የወራጅ ሁሉ ጣጣ መሄዱ ሳይሆን መቆሙ ነው። ልጄ በትምህርት ቤት የተማረውን በድንጋይ ምልክት እያደረግን ሞከርነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሁለት ሜትር ላይ የሚቆም ብስክሌት፣ በ30 ከሆነ ስምንት ሜትር ያህል ይፈልጋል። ስምንት ሜትር ደግሞ በእግር መንገድ ላይ ብዙ ነው። አንዲት አህያ፣ አንድ ሕፃን፣ ወይም አንድ ጥጃ ሊገባበት ይችላል።

ጥጃ ስል ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ እሁድ ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት መንገድ ላይ አስቆሙን። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ ባለቤቷም እንደ ዓይኑ ብሌን ያያታል። ሊቆጡን ነው ብዬ ይቅርታ ለመጠየቅ ስዘጋጅ በእርጋታ «ልጆቼ፣ መንገዱ የሁላችንም ነው። እናንተ ግን ፍሬን አላችሁ፤ ጥጃዬ የላትም» አሉን። ከዚያ ወዲህ ከብት ባየን ቁጥር ከብስክሌታችን እንወርዳለን። ለልጄ ከእኔ ምክር ሁሉ ይልቅ የገባው የእርሳቸው ቃል ነው።

በሦስተኛው ሳምንት የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ «እኔስ?» አለች። አማቴ ሰሙና «ሴት ልጅ ደግሞ ምን ልትሆን ከገደል ትወረወራለች?» ብለው ተቆጡ። ባለቤቴ ዝም አለች። እኔም እውነቱን ለመናገር ከአማቴ ጋር ነበርኩ። ለወንዱ የፈራሁትን ለሴቷ አብልጬ ፈርቻለሁ። ነገር ግን በዚሁ የደብረ ታቦር መንገድ ገባ ብሎ የአውራምባ ማኅበረሰብ አለ። እነ ዙምራ ኑሩ በዚያ ሴት ስታርስ፣ ወንድ ሲፈትል እያሳዩን ከአምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከሩቅ አገር ሰው መጥቶ የሚያየውን ነገር እኛ ጎረቤቶቹ ከቤታችን ማስገባት ከበደን? እንቢ ብላት ደግሞ ምን እንደሚከተል ተምሬያለሁ። ከወንድሟ ጓደኛ ፍሬን የሌለው ብስክሌት ትዋሳለች፤ ሹራብም ለብሳ ትውላለች። ስለዚህ ከግማሽ መንገድ እንድትጀምር ተስማማን። አሁን ከሦስታችን በጣም ቀስ ብላ የምትወርደው፣ እስካሁንም ያልወደቀችው እሷ ናት። አማቴ በር ላይ ቆመው ሲሸኙን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ቀስ በሉ» ይሉናል። መከልከሉን ትተው መምከር መጀመራቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዝናቡ ሰኔ ላይ ሲገባ ዙራችን ያቆማል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይፈስሳሉ፤ ጥቁሩ አፈር ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ኮረብታውም ያንሸራትታል። እስከ መስቀል ድረስ ብስክሌቶቹ በረንዳው ላይ ይቆማሉ፤ ያለ ሰንሰለት።

ይህን የምጽፈው ወላጆች ሁሉ ልጆቻቸውን ቁልቁለት ላይ ይልቀቁ ለማለት አይደለም። ልጅዎ ብስክሌት ካለው ግን ዛሬ ማታ ወደ በረንዳ ይውጡና የፍሬኑን እጄታ ይጨብጡ። እጄታው መሪውን ከነካ ብስክሌቱ አይነዳ። ጎማው ብረት እስኪሆን አይጠብቁ። የራስ ቆብ ካገኙ ይግዙ፤ ልጁ የመኪና ኋላ እንዳይዝ ሲነግሩትም፣ የት ሄዶ መንዳት እንደሚችል አብረው ያሳዩት። «አይቻልም» ብቻ ብለው ከተዉት እሺ ይልዎታል፤ እሺታው ግን የት እንደሚወስደው አያውቁም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ግራሩ ሄዶ ነበር። ሲመለስ እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። ብስክሌቱን አስደግፎ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። ክንዱ ላይ ከአሮጌው ጠባሳ ጎን አንዲት ቀይ ጭረት አለች።

«አባዬ፣ ዛሬ መታጠፊያው ላይ ዘግይቼ ነው የያዝኩት» አለኝ።

እናቱ ውኃና ሳሙና ልታመጣ ገባች። እኔም ወንበሬን ጠጋ አድርጌ «ተቀመጥና ንገረኝ» አልኩት።