‹‹ቁም›› እና ‹‹ጉም››

አማርኛ ‹‹ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ›› ይላል። ዒላማውን ስቶ በሌላ አቅጣጫ የሚደክም ሰው የሚገሠጽበት አባባል ነው። አባባሉ ከአደን የተገኘ ለመሆኑ ምስክር አያሻውም። ቆቅ ሣር ውስጥ ስትደበቅ መሬት መስላ ስለምትቀር፣ አዳኙ አለች ብሎ የገመተበትና እሷ በእርግጥ ያለችበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ለየቅል ነው። ይህን ልዩነት ለማጥበብ ሰው ከዘየዳቸው ብልሃቶች አንዱ ወፍ ጠቋሚ ውሻ ነው።

አውሮፓውያን ‹‹ፖይንተር›› ብለው የሚጠሩት የዚህ ውሻ ጠባይ በሱዳን ምድረ በዳ ከጥንት ጀምሮ ከታወቀው አዳኝ ውሻ ፈጽሞ የተለየ ነው። የአረቦቹ ሰሉቂ አካለ ቀጭንና እግረ ረጅም ሆኖ የሚያድነው በዐይኑ ነው፤ ሚዳቋን ወይም ጥንቸልን አይቶ ያሳድዳል፤ ደርሶም ይጥላል። ፖይንተር ግን የሚያድነው በአፍንጫው ነው፤ ባገኘም ጊዜ አያሳድድም። የወፏ ጠረን ሲደርሰው በሮጠበት ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም አንድ የፊት እግሩን አጥፎ፣ ጅራቱን ወድሮ፣ አፍንጫውን ወደ ወፏ አቅንቶ። ከተደበቀችበት የሚያስነሣት አዳኙ ነው። የውሻው ድርሻ ማወቅና አለመንካት ነው።

ይህ መቆም በከፊል ከዘር የሚወረስ ነው። ገና ጡት የጣለ ቡችላ እንኳ በእንጨት ጫፍ ላይ በክር የተንጠለጠለ የወፍ ክንፍ ሲያይ አድብቶ ቀጥ ሊል ይችላል። ነገር ግን ይህ ጨዋታ ነው፤ ከበዛም ቡችላው በአፍንጫው ፈንታ በዐይኑ መታመንን ይለምዳል። የአሠልጣኙ ሥራ ለቅጽበት ብልጭ የሚለውን ያንን መቆም ማርዘም ነው፤ ወፏ ብድግ ብላ ስትበር፣ ጠመንጃው ሲጮኽ፣ ወፏ ስትወድቅ ሁሉ ውሻው ሳይነቃነቅ እስኪቆይ ድረስ። እጅግ የሚመኘው ነገር ከፊቱ እያለ ባለበት እንዲጸና ማድረግ፣ ለውሻም ለአሠልጣኙም ከባዱ ትምህርት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እንዲህ ያለ አንድ ቡችላ ካርቱም፣ አማራት ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ቤት ገባ። የቤቱ ጌታ ጡረታ የወጡ ሱዳናዊ ሐኪም ናቸው። ስሙን ባሪግ አሉት፤ በሱዳኖች አነጋገር መብረቅ ማለት ነው። ሽማግሌው ጉልበታቸው ስለደከመ ሥልጠናውን ለቤታቸው ዘበኛ አደራ ሰጡ። ዘበኛው ከቋራ ተነሥቶ በመተማ በኩል የተሻገረ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ኢትዮጵያዊ ነው። በእረኝነቱ ዘመን ቆቅና ጅግራ በወንጭፍና በወጥመድ አድኗል፤ ውሻም ያውቃል። የሚያውቀው ግን የሚጮኸውንና የሚያሳድደውን የመንደር ውሻ ነበር። እንዲቆም የሚፈለግ አዳኝ ውሻ መኖሩን ሲሰማ ሳቀ። እሑድ እሑድ ዴም ሰፈር ቡና የሚያጣጡት ያገሩ ልጆችም ‹‹የውሻ የኔታ›› የሚል ስም አወጡለት።

‹‹ያ ሐጅ፣ መሮጥ የጀመረን ውሻ ምን ያቆመዋል?›› ብሎ ጠየቃቸው።

‹‹አንተ ካልቸኮልህ እሱም አይቸኩልም፣ ያ ወለዲ›› አሉት።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ወፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ቡችላው ስሙን ለየ፤ ‹‹ና›› ሲሉት መምጣትን፣ ሳህን ፊት ቀርቦ ሳይፈቀድለት አለመብላትን ተማረ። ምግቡ በቀረበ ቁጥር ከግቢው ማዶ የብረት ትሪ ይመታ ነበር፤ ድምፁም ቀን በቀን በጥቂቱ ይቀርባል። ጠመንጃ የሚፈራ ውሻ ለአደን አይሆንም፤ ፍርሃቱ አንድ ጊዜ ከገባ ደግሞ ማውጣቱ ዘመን ይፈጃል። ስለዚህ ታላቅ ድምፅ ከመልካም ነገር ጋር ተያይዞ ወደ ጆሮው እንዲገባ ተደረገ። ከዚያም አሥር ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገመድ መጣ። ወጣቱ ‹‹ቁም!›› ይላል። ቡችላው ከቆመበት ፈቀቅ ካለ፣ ሳይመታና ሳይቆጣ አቅፎ ወደነበረበት ይመልሰዋል፤ በቀን ሃያ ጊዜም ቢሆን።

የካርቱም አየር ለእንዲህ ያለው ሥራ አይመችም። ጠረን የሚቆየው በርጥበትና በቅዝቃዜ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ይተናል። በአፉ የሚያለከልክ ውሻ ደግሞ እንደሚገባው አያሸትም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው ወራት እስከ መሞትም ይደርሳል። በመሆኑም ሜዳ የሚወጣው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ የሰሜኑ ቀዝቃዛ ነፋስ በሚነፍስበት ወቅት ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ይጀመራል፤ ፀሐይ ሳትከርር ያበቃል። ሽማግሌው ቡችላውን መጀመሪያ የወሰዱት ሁለቱ ዓባዮች ከሚገናኙበት አጠገብ ወደነበረው የስኑት ደን ነው። ደኑ እ.ኤ.አ. ከ1939 ጀምሮ ጥብቅ ስለነበር ጠመንጃ አይነሣበትም፤ ቡችላው ወፍ ሲበር እያየ ዝም ማለትን ተለማመደበት። ዛሬ የዚያ ደን ዛፎች በጦርነቱ ዓመታት ተጨፍጭፈዋል።

ዋናው ሥልጠና ነጭ ዓባይን ይዞ ወደ ደቡብ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ወዳለቀው የጀበል አውሊያ ግድብ አቅጣጫ ነበር። በወንዙ ዳር ባለው የከብት መኖ እርሻ ውስጥ ከሰሜን የተሰደዱ ድርጭቶች ያርፋሉ። ወጣ ብሎ ባለው ደረቅ ሜዳ ደግሞ ሱዳኖች ‹‹ቀጣ›› የሚሏት አሸዋ መሳይ ወፍ አለች፤ በመንጋ ሆና ማለዳ ውሃ ፍለጋ ትወርዳለች። ወንዱ ቀጣ የሆዱን ላባ ውሃ ውስጥ ነክሮ ለጫጩቶቹ ይዞላቸው ይበርራል። የዚያ ሜዳ ጠላት ‹‹ሐስካኒት›› የሚባለው ጭጎጎት የመሰለ እሾሃም ሣር ነው። ወጣቱ በየግማሽ ሰዓቱ ተንበርክኮ ከውሻው ጣቶች መካከል እሾሁን ይለቅማል፤ ውሃ ያጠጣል፤ ነፋሱ ከፊት ለፊት እንዲመጣ አቅጣጫ አስተካክሎ እንደገና ይለቅቀዋል።

ችግሩ የታወቀው በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። ባሪግ እየሮጠ ሳለ ድንገት ራሱን ቀና አድርጎ ቆመ፤ አንድ እግሩ በአየር ላይ ቀረ። በሕይወቱ የመጀመሪያው እውነተኛ ጥቆማ ነበር። ወጣቱ በልስላሴ ‹‹ቁም›› አለው። ውሻው እንደ ስሙ ተወረወረ፤ ድርጭቷም ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌው ጥላ ሥር የተኛውን ውሻ ለማስነሣት ‹‹ጉም!›› ሲሉት በተኛበት ደርቆ ቀረ። የቤቱ ሰው ሁሉ ቡችላውን ከምንጣፉ ላይ የሚያስነሣው በዚህ ቃል መሆኑን ወጣቱ ያን ጊዜ አስተዋለ።

አረቦች ‹‹ቃመ›› ሲሉ ተነሣ ማለታቸው ነው። ቃሉ ከግእዙና ከአማርኛው ‹‹ቆመ›› ጋር አንድ ሥር አለው። ሱዳኖች ግን ቃፉን ‹‹ገ›› ስለሚያደርጉት ትእዛዙ ‹‹ጉም›› ይሆናል፤ ተነሣ፣ ተንቀሳቀስ ማለት ነው። አማርኛ ያንኑ ሥር ይዞ ‹‹ቁም›› ሲል አትንቀሳቀስ ማለቱ ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ተቀምጦ የነበረ ሰው ከቆመ ተነሥቷል፤ ሲሄድ የነበረ ሰው ከቆመ ተገትቷል። ልዩነቱ ያለው ከመቆሙ በፊት በነበረው ነገር ላይ ነው። ሰው ይህን ከንግግሩ አካሄድ ይለያል፤ ቡችላ ግን ድምፁን ብቻ ነው የሚይዘው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ወንድማማች ቃላት አንዱን ፍጥረት ወደ ሁለት ጎትተውት ነበር።

ከቃላቱ አንዱን መተው ግድ ሆነ። ሽማግሌው የቤታቸውን ሰው ሁሉ ‹‹ጉም›› አትበሉ ማለት አልቻሉም፤ ወጣቱም ደንገጥ ባለ ቁጥር ‹‹ቁም›› ከአፉ ይወጣ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱንም ቃላት ጣሉና ፊሽካ ገዙ፤ አንድ ረጅም ፉጨትና ከፍ ያለ መዳፍ። ገመዱ እንደገና ታሰረ፤ ያለፉት ወራት ሥራ እንዳልነበረ ተቆጥሮ ከሀ ተጀመረ። የመጀመሪያው ብርድ ወራት በዚህ አለቀ፤ አንድም ጥይት አልተተኮሰም።

በሁለተኛው ዓመት ውሻው በሰለ። አሁን የቀረው የወደቀችውን ወፍ ሳያኝክ ማምጣት ነበር። ይህ በዚያ ቤት የጣዕም ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የቁርኣን አምስተኛው ምዕራፍ፣ አል-ማኢዳ፣ የተማሩ አዳኝ እንስሳት ለሰው የያዙትን መብላት ይፈቅዳል፤ የፈጣሪ ስም እንዲጠራበትም ያዝዛል። ውሻው ከያዘው ከበላ ግን ያደነው ለራሱ ነው የሚል ሐዲስ አለ። በሱዳን ሥር የሰደደው የማሊኪ መዝሀብም ውሻን በራሱ ርኩስ አይለውም። ሽማግሌው ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ደስ ይላቸው ነበር፤ የውሻ መማር በሕግ ፊት ዋጋ ያለው መሆኑ ያኮራቸዋል። ለወጣቱ ነገሩ በሌላ በኩል ይከብድ ነበር፤ ባገሩ ልማድ ክርስቲያን እስላም የባረከውን ሥጋ አይበላም፤ እስላምም የክርስቲያኑን እንዲሁ። ባሪግ ወፏን በለስላሳ አፉ ነፍሷ ሳይወጣ ሲያመጣት ግን መላ ተገኘ። አንዷን ሽማግሌው ‹‹ቢስሚላህ›› ብለው ያርዳሉ፤ ሁለተኛዋን ወጣቱ ‹‹በስመ አብ›› ብሎ ይባርካል። ጾም ከሆነ ድርሻው ለጎረቤት ይሄዳል። ውሻው ለሁለቱም አንድ ዓይነት አመጣጥ ነበር የሚያመጣው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ስዑር ነበር፤ ለሙስሊሞቹም ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ዴም ውስጥ ለፋሲካ ዶሮ የገዛ ገዝቶ፣ ሽንኩርት የከተፈ ከትፎ ሳለ በመንግሥት ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ ተከፈተ። አማራት ከአውሮፕላን ማረፊያው ጎን ስለሆነ እሳቱ ከደጅ ነበር። የሰፈሩ ውሾች አልጋ ሥር ገቡ፤ ብዙዎቹም ጠፉ። ባሪግ ግን አልፈራም። ድምፅ ወዳጅ ሆኖ ነበር ያደገው። ተኩስ በተሰማ ቁጥር ግቢው መካከል ይቆምና ራሱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ የምትወድቀውን ወፍ ይጠብቅ ነበር። መድፉ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ቀኑን ሙሉ ይጠብቃል። ወጣቱ እየጎተተ ወደ ቤት ያስገባዋል፤ በር በተከፈተ ጊዜ ተመልሶ ይወጣል። ፉጨትም በዚያ ሰዓት የማይታሰብ ነበር፤ ሰፈሩ ውስጥ ታጣቂ አለና።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ቤቱ ተዘጋ። ሽማግሌው ከቤተ ሰባቸው ጋር በዓባይ በኩል ወደ ሰሜን፣ ከሸንዲ ወዲያ ወዳለው የዘመዶቻቸው መንደር ሊሄዱ ተነሡ። ወጣቱ መንገዱ በምሥራቅ ነው፤ ወድ መደኒ፣ ገዳሪፍ፣ ገላባት፣ ከዚያም መተማ። ውሻውን ይዞ መሄድ አይቻልም፤ አውቶቡሱ ሰውንም በጭንቅ ነበር የሚይዘው። ባሪግን ከመኪናው ኋላ ባለው ጭነት መካከል አስቀመጠው። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ለሽማግሌው ሰጣቸው።

‹‹መዳፍዎን ከፍ ሲያደርጉ ያይዎታል፤ ቃል አያስፈልገውም›› አላቸው።

‹‹ዐውቃለሁ፤ አንተ ነህ ያስተማርኸኝ›› አሉት። ውሻው ተነሥቶ ሊዘል ሲል ወጣቱ እጁን አነሣ፤ ባሪግም ባለበት ቀረ። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ እጁን አላወረደም።

ከዚያ በኋላ ስልክ የሚገናኘው አልፎ አልፎ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. መተማ ሳለ ሽማግሌው ደወሉለት። ጠመንጃቸው ካርቱም ቀርቷል፤ ቢኖርም በዚያ ዘመን ጠመንጃ ይዞ ማሳ ውስጥ የሚታይ ሰው አዳኝ ነው ብሎ የሚያምን የለም። ቢሆንም ማለዳ ማለዳ ውሻውን ይዘው ወደ ባቄላው እርሻ ይወጣሉ። የዚያን ዕለት ባሪግ ድርጭት አግኝቶ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው በቀስታ ደርሰው በከዘራቸው ቅጠሉን ነካ አደረጉ፤ ድርጭቷ ብድግ ብላ በረረች፤ ውሻው አልተከተላትም። ራሱን ቀና አድርጎ ሰማዩን ጥቂት አየ። ድምፅ ሲያጣ ወደ እሳቸው ዘወር አለ፤ ወደ ቤትም ተመለሱ።