ወለተ ማን?

የአክስቴ ቤት ለቀቃ ዛሬም አላለቀም፤ ሦስተኛ ቀናችን ነው። ጠዋት ላፍቶ፣ ከእማማ ሣጥን ውስጥ፣ በነጠላ የተጠቀለለ የቆዳ ማኅደር ወጣ። ክታቧ!

ስንዘረጋው ከሶፋው አልፎ ወለል ላይ ወረደ። የክታብ ብራና የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፣ ከራስ እስከ እግር ጥፍር እንዲከልል። እኔም እንደ ሞኝ አጠገቡ ተጋደምኩ። በአንድ ስንዝር በለጠኝ። እማማ ደግሞ እንኳን እኔን ልትበልጥ፣ ታክሲ ውስጥ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይነካም ነበር።

ነገሩ የገባን ስሙ ላይ ስንደርስ ነው። ‹ወለተ› የሚለው በጥንቱ ጸሐፊ እጅ ቀጥ ብሎ ተጽፏል። ከሱ ቀጥሎ ብራናው ተፍቆ ሳስቷል፤ በላዩ በሌላ እጅ፣ በገረጣ ቀለም ‹ሥላሴ› ተብሏል። የስልኬን መብራት አዘንብዬ ሳየው ከሥር የአንድ ፊደል እግር ብቻ ቀርቷል። የመጀመሪያዋ ባለቤት ሞታ ‹ወለተ›ዋ ለእማማ ተረፈቻት። ቆጣቢ ደብተራ!

ስካን ላስደርገው ጀሞ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። ልጁ አገላብጦ አየና «ላሚኔት ይደረግልሽ?» አለኝ። ብራና! ላሚኔት! «እንዳይበላሽ ነዋ።»

ከክታቡ ዓይኖች ይልቅ ላሚኔት የታየው ይሄ ልጅ የሰባተኛ ክፍል የሥዕል አስተማሪያችንን አስታወሰኝ። ማሰሮ ሳሉ ተባልን፤ እኔ ማሰሮው ላይ ዓይን ጨመርኩ። ከ10፣ 3። «ማሰሮ ያያል እንዴ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። እስካሁን መልስ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ጋሼ፣ እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1964 ለሳለው «የፍርሃትና የፍስሐ የሌሊት በረራ» ስንት ይሰጡት ነበር? ከጠልሰም፣ ከክታብ ሥዕል የተማረ ሰው ነው እኮ። ፈረንሳዊው ኦዲሎን ሬዶንስ? በ1882 አንድ ትልቅ ዓይን ባሉን አድርጎ ሰማይ ላይ ሰደደ፤ ያውም በጥቁር ብቻ። 3 ከ10?

ሬዶን በ1886 የስድስት ወር ልጁን ቀበረ። የክታቡም ታሪክ ከሞተ ሕፃን ነው የሚነሳው፤ ቅዱስ ሱስንዮስ ልጁን የገደለችበትን ውርዝልያን በፈረስ አሳዶ በጦር ይወጋታል። ሬዶን ፈረስም ጦርም አልነበረው፣ ከሰል እንጂ።

የሱ ዓይን ግን ወደ ላይ ይሄዳል። የእማማው የትም አይሄድም። ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ መሃል ፊት አለ፣ ዙሪያውን ዓይን በዓይን፤ ዓይነ ጥላ ሲመጣ «ወዴት ነው?» የሚል ዘበኛ ነው።

እማማ ስትታመም ዘበኛው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ እኛ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘን። አውቃለሁ፣ ኩላሊት በጠልሰም አይድንም፤ ኮሜንት ላይ እንዳትመጡብኝ። በመጨረሻዋ ሌሊት አዳሪ እኔ ነበርኩ። ስልኬን እያየሁ ነበር። ቀና ስል ዓይኗ ተከፍቶ ወደኔ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።

አሁን አክስቴ «ተፍቆ ያንቺ ይጻፍበት እንዴ? ያንቺም ወለተ ነው፣ ግማሹ አልቋል፤ ቁመቱም ላንቺ ይቀርባል» አለችኝ። ‹ሥላሴ› የሚለውን በጣቴ ነካሁት፤ የተፋቀው ቦታ እንደ ጨርቅ ለስልሷል።

አይሱዙው መጣ። ልሂድ።