ቁጥሩን ከማመንሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ነገ ጓዝሽን ይዘሽ ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃን ልትሄጂ ነው። በቃል ብነግርሽ የሚዘነጋ ስለሚኖር ጽፌ ሰጠሁሽ።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ሴንሰርሽ ከአርዱኢኖው ጋር ተገናኝቶ፣ ከሰል ቢቀርብም ባይቀርብም ያንኑ ቁጥር ያሳያል ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ ኮድ ስትቀይሪ አደርሽ። ኮዱን ለጊዜው ተዪውና መልቲሜትር አንሺ። ኃይሉን አጥፍተሽ ሴንሰሩን ከሞጁሉ አውጪና በማሞቂያው ሁለት እግሮች መካከል ለኪ፤ 30 ኦም አካባቢ ካላገኘሽ ማሞቂያው ተበጥሷል፣ ኮድ አያድነውም። ደኅና ከሆነ መልሰሽ ኃይል ስጪውና 5 ቮልቱን ምንጩ ላይ ሳይሆን ሴንሰሩ እግር ላይ ለኪ። ማሞቂያው ወደ 150 ሚሊአምፔር ይስባል፤ ቀጭን ሽቦና የላላ ብሬድቦርድ መንገድ ላይ ከቮልቱ ይቀንሱበታል። ከአርዱኢኖ እግር በቀጥታ አትመግቢው፤ ከአንድ እግር ከ20 ሚሊአምፔር በላይ መሳብ አይመከርም። የተለየ ቻርጀር ከሰጠሽውም የሁለቱን ግራውንድ አገናኚ። ንባቡ ሁልጊዜ 0 ወይም ሁልጊዜ 1023 ከሆነ ከጋዙ በፊት ሽቦውን ጠርጥሪ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፤ አለበለዚያ ቢስተካከል እንኳ ምን እንዳስተካከለው አታውቂም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሴንሰርሽ፣ ኤምኪው-7፣ ዝም ብሎ ሲሞቅ የሚውል አይደለም። 60 ሰከንድ በ5 ቮልት ሞቆ በላዩ የተጣበቀውን ጋዝ ያራግፋል፤ ከዚያ 90 ሰከንድ በ1.4 ቮልት ይቆያል፤ የሚነበበውም በዚህ በሁለተኛው ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ሞጁል ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሞቂያውን ከ5 ቮልት ጋር አስሮት ይመጣል፤ የሚሰጥሽም ቁጥር ሴንሰሩ የተሠራበት ንባብ አይደለም። ማሞቂያውን ከመለኪያው መስመር ለይተሽ በትራንዚስተር እያበራሽና እያጠፋሽ ስትመግቢው ስሌቱን ተጠንቀቂ። 1.4 የ5 ሃያ ስምንት በመቶ ነው ብለሽ 28 በመቶ ብትሰጪው ከሚገባው በላይ ይግላል። ሙቀቱ የሚከተለው የቮልቱን ካሬ ስለሆነ ትክክለኛው ወደ 8 በመቶ ነው፤ በአርዱኢኖው ከ255 ላይ 20 ማለት ነው።

አዲስ ሴንሰር ሲሆን ሳትነቅይ 48 ሰዓት አሙቂው። ሳጥኑን በሲሊኮን አታሽጊ፣ ትነቱ ሴንሰሩን ያበላሸዋል። ብርድና እርጥበትም ንባቡን ያዛባሉና የንጹሕ አየሩን ቁጥር እዚህ ከወሰድሽው አትነሺ፤ እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ከቤት ውጭ፣ ከጭስ ርቀሽ እንደገና ውሰጂው።

እባክሽ ልጄ፣ ለሙከራ ብለሽ ማንደጃ ይዘሽ በር ዘግተሽ እንዳትቀመጪ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታትና ማዞር ሲመጣ መነሣት ራሱ ሊያቅትሽ ይችላል። የከሰሉን ሙከራ ደጅ ላይ፣ ሰው አጠገብሽ ቆሞ አድርጊው።

ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ፤ እኔም ደስ ይለኛል። ቢሆንም መንቀሳቀሱ ልክ ነው ማለት አይደለም። መጠኑ ከታወቀ ጋዝ ወይም ከተመሰከረለት መሣሪያ ጋር ሳታስተያዪ መሣሪያውን ለማንም ቤት እንዳትሰጪ። በደብረ ብርሃን ብርድ ማንደጃ ጓዳ አስገብታ የምትተኛ እናት ያንቺን መሣሪያ ግድግዳ ላይ አይታ «አደጋ ቢኖር ይጮህ ነበር» ብላ ዓይኗን ትጨፍናለች። መሣሪያው ባይኖር ኖሮ ምናልባት ማንደጃውን ታወጣው ነበር። ስለዚህ አለቃሽ ቶሎ ይውጣ ቢልሽም ያልተፈተነውን አልተፈተነም ብለሽ በጽሑፍ አስታውቂው። ሥራው ሲያልቅም ለሰዎቹ መጀመሪያ የምትነግሪያቸው ከሰሉን ከመኝታ ቤት እንዲያወጡ ይሁን።

የመጀመሪያውን የንጹሕ አየር ንባብ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ጻፊና ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን። እናትሽ እንደደረስሽ ደውዪ ብላለች። በሰላም ግቢ፤ እግዚአብሔር ይከተልሽ።

አባትሽ