ከቀለሙ ሥር

አሮጌዋ ኮሮላ ዲኤክስ በቤታችን ከዕቃ አትቆጠርም። ልጆቼ በእርሷ ትምህርት ቤት ተመላልሰዋል፤ እናቴም ለጥምቀት አገር ቤት የምትሄደው በእርሷ ነበር። ዘንድሮ ግን የታናሽ እህቴን የኮሌጅ ክፍያ ለመሸፈን ልንሸጣት ወሰንን። ዋጋዋን የሚያወርደው በኋላ በሯ ግርጌ ያለው አውራ ጣት የሚያህል የቀለም እብጠት ብቻ ይመስል ነበር።

ደላላው "ስቱኮ ይመረግበትና ቀለም ይረጭ፤ ማን ያውቃል?" አለን። እኔ ግን ላሜራ ሠራተኛ ዘንድ ወሰድኳት። እብጠቱን በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ሲያደርገው ካቻቪቴው ወደ ውስጥ ገባ። "ወንድሜ፣ ይሄ የዝገቱ መጀመሪያ አይደለም፤ መጨረሻው ነው" አለኝ።

የበር ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በመስታወቱ ጎማ በኩል የሚገባው ዝናብ በበሩ ግርጌ ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች መውጣት ነበረበት። ጭቃና ቅጠል ሲደፍናቸው ውኃው እዚያው ይተኛል፤ ብረቱም ከውስጥ ይበላል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በመጨረሻ ቀለሙን ገፍቶ ያሳብጠዋል። ስቱኮ ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም።

ምንጣፉ ሲነሣ ደግሞ ከበሩ ሥር ያለው መርገጫ ጭምር ተበልቶ ተገኘ። መኪና ከጎን ሲመታ ተሳፋሪውን ከሚከላከሉት ክፍሎች አንዱ ይኸው ነው። ታላቅ ወንድሜ "ለምትሸጥ መኪና ይህን ሁሉ ወጪ?" ብሎ ተቆጣ። እናቴ "የሚገዛትም ሰው ልጆቹን ነው የሚጭንባት፤ ተዉ ልጆቼ" አለች። ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

የተበላው እስከ ጤነኛው ብረት ተቆርጦ ወጣ፤ አዲስ ላሜራ ተበየደ፤ ፀረ ዝገት በውስጥም በውጭም ተቀባ። ስቱኮው ለማስተካከያ ያህል በስሱ ብቻ ተደረገ። ለገዢው የተሠራውን ሁሉ ነገርነው። የጥገናው ወጪ ሲቀነስ ከሽያጩ የተረፈው የእህቴን ክፍያ በግማሽ ብቻ ሸፈነ፤ ቀሪውን ወንድሜና እኔ ከደመወዛችን እየቆረጥን እንከፍላለን።

አሮጌ መኪና ሊገዙ ከሆነ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በበሮቹ ግርጌና በጎማው ዙሪያ ያስኪዱ፤ ስቱኮ በወፈረበት ቦታ አይይዝም። ምንጣፉንም ገልጠው ይዩ። መኪና ያለዎት ደግሞ ክረምት ሳይገባ የበሮቹን ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ይክፈቱ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።