ገናን በአማቴ ቤት

ታኅሣሥ ሲገባ በብዙ ወጣት ባለትዳሮች ቤት የሚነሣ ጥያቄ አለ። «የዘንድሮን ገና የት ነው የምንውለው? እናንተ ቤት ነው እኛ ቤት?» ሲሰሙት ቀላል ነው። በአገልግሎት ዘመናችን ግን ይህች ጥያቄ በባልና በሚስት መካከል የሳምንት ኩርፊያ ስታስከትል ብዙ ጊዜ አይተናል። በእኛም ጎጆ አስከትላለች።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማጫውታችሁ በ2000 ዓ.ም. ከሁለት ሕፃናት ልጆቻችን ጋር ስላደረግነው የገና ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ሲና 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ። ለባለቤቴ ግን አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል።

ሁለት ቤተሰብ

እኔ ያደግሁት ሆሳዕና ነው። ወላጆቼ ወንጌላውያን ናቸው። በእኛ አገር ዘመድ ከያለበት የሚሰበሰብበት ትልቁ በዓል በመስከረም የሚውለው ያሆዴ ነው። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ተጋግዘው ለሰንጋ ይቆጥባሉ፤ ሴቶቹ ቅቤውን ያጠራቅማሉ፤ የአዲስ አበባው ልጅም ጭምር አገሩ ይገባል። ገና ለእኛ የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም ነበር። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋቢ ለብሰው እረኞች ይሆናሉ፤ መዘምራን ይዘምራሉ፤ ከዚያ ዳቦና ሻይ ይቀርባል።

ባለቤቴ ደግሞ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው፤ ከጣርማበር ማዶ፣ ከደብረ ሲና አጠገብ። ቤተሰቡ ለብዙ ትውልድ ኦርቶዶክስ ናቸው። በእነርሱ ዘንድ ገና ማለት ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የተጾመው ጾም የሚፈታበት፣ ዶሮው የሚሠራበት፣ ጎረምሳው ሜዳ ወጥቶ ገና የሚጫወትበት ቀን ነው።

በ1989 ዓ.ም. ባለቤቴ ተማሪ ሳለ ጌታን ተቀበለ። ይህን ለእናቱ በነገራቸው ጊዜ «ከዛሬ ጀምሮ ያ ልጅ የለኝም» አሉ። አባቱ ቀደም ብለው አርፈው ስለነበር አማላጅ የሚሆን ሰው አልተገኘም። በ1996 ዓ.ም. ስንጋባ ከእርሱ ወገን የመጣው ታናሽ ወንድሙ ብቻ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያ ወንድሙ ስልክ ደወለ። «እናታችን ‹የልጄን ልጆች ሳላይ ልሞት ነው ወይ?› እያሉ ነው» አለ። ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ ብዙ ሰዓት አልተናገረም። ከዚያ «ለገና እንሄዳለን» አለ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አላለኝም። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከተመረቅሁ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ለሁሉም ጥያቄ መልስ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። «ጾሙ ሳይፈታ ደርሰን ምን ልንበላ ነው? ልጅቷን ክርስትና አስነሱ ቢሉንስ? በክርስቶስ ያገኘነውን ነጻነት ይሉኝታ ሊወስድብን ነው?» አልኩ። ከቤተ ክርስቲያናችንም አንዳንዶች በረዳት ወንጌላዊነት የሚያገለግል ሰው በገና ሰሞን ምእመናኑን ትቶ መሄዱን አልወደዱትም። ባለቤቴ የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እናቴን ልይ።»

ከሸኖ እስከ ጣርማበር

የዚያ ዓመት ገና እንደ ወትሮው ታኅሣሥ 29 ሳይሆን ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ ዋለ። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት እንዲህ ይሆናል። እኛ ቅዳሜ ንጋት ላይ ተነሣን። የሦስት ዓመቱ ልጃችን በአባቱ ጉልበት፣ የስምንት ወሯ ሕፃን በእኔ ጀርባ ሆነው ቅጥቅጥ ውስጥ ገባን። የበዓል ሰሞን መንገደኛ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ከላይ በግ ታስሯል፤ ከወንበር ሥር ዶሮ ይንጫጫል፤ ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ይጠይቃል፤ ተሳፋሪው ይጨቃጨቃል፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ይከፍላል።

ሰንዳፋንና አለልቱን አልፈን ሸኖ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ሸኖ የቅቤ አገር ነው። ጾሙ ሁለት ቀን ቀርቶታልና ሰው ሁሉ ለዶሮው ወጥ ለጋ ቅቤ እየገዛ ነበር። ባለቤቴም ለእናቱ ገዛ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብርድ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ከጫጫ ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ናት። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቆረቆሯት ከተማ ስትሆን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በታኅሣሥ ጠዋት የሰው እስትንፋስ እንደ ጭስ ሲወጣ ይታያል። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው፤ የድንጋይ ካብ፣ የኩበት ክምር፣ ጠጉራም የመንዝ በጎች። ሜዳው ሲያልቅ ጣርማበር ላይ ምድር በድንገት ይቆረጣል። ጭላዳዎች በገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። መንገዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ዋሻ ውስጥ ይገባል።

ዋሻው ውስጥ ጨለማ ነው። ልጃችን ፈርቶ ያባቱን አንገት አቀፈ። «አባዬ፣ ወዲያ ማዶ ማን አለ?» አለው። ባለቤቴ «አያትህ» ብሎ መለሰ። ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። እንደ ልጁ እርሱም ፈርቷል። ከቤት ጀምሮ ስሟገተው የነበረው ነገር ሁሉ አፌ ላይ ቀረ።

የመጀመሪያውን ገና ታሪክ አስቡት፤ እርሱም የመንገድና የዘመድ ታሪክ ነው። ማርያም ወደ ተራራማው የይሁዳ አገር ወጥታ ወደ ዘመዷ ኤልሳቤጥ ሄደች። ዮሴፍም የፀነሰች እጮኛውን ይዞ ወደ አባቶቹ ከተማ ወደ ቤተ ልሔም ወጣ (ሉቃስ 1 እና 2)። ጌታችን ወደ ዓለም የመጣው ሰዎች ወደ ዘመዶቻቸው በሚጓዙበት መንገድ ላይ ነው። ይህን ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን ከዚያ ዋሻ ስንወጣ ነው።

የተቀቀለው እንቁላል

ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ብርዱም እየቀነሰ ይሄዳል። ከአስፋልቱ ወርደን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። አማቴ ነጭ ነጠላ ለብሰው በራፍ ላይ ቆመዋል። ባለቤቴ ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ለረጅም ጊዜ አንድም ቃል አልወጣቸውም። በመጨረሻ «ልጆቹ በርዷቸዋል፤ አስገቧቸው» አሉ። ያ ብቻ ነበር ሰላምታቸው።

ወዲያው ጎረቤት ተሰበሰበ። የቤቱ የነፍስ አባት መምሬም መጥተው ተቀመጡ። ቡና ተፈላ፤ የደብረ ሲና ቆሎ ቀረበ። ነገሩ ገና ጸጥ ብሎ ሲሄድ ልጄ ቦርሳዬን ከፍቶ ከልብሶቹ ሥር ደብቄ ያመጣሁትን የተቀቀለ እንቁላል አወጣ። በሰው ሁሉ ፊት «እማዬ፣ ላጪልኝ» አለኝ።

ቤቱ ጭጭ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እንቁላሉን ስቀቅል ለልጄ ርኅራኄ ብቻ ይዞኝ አልነበረም። በውስጤ «እኛ በዚህ ሥርዓት አንገዛም» የሚል መንፈስ ነበረብኝ። እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ያ ነጻነት ሳይሆን ትዕቢት ነበር።

አማቴ ተነሡ። ሊቆጡ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እርሳቸው ግን ልጁን ብድግ አድርገው እያቀፉ «ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ምን ጾም አለበት? ይብላ እንጂ!» አሉ። መምሬም «እውነት ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አማቴ ወደ ጓዳ ገብተው ወተት በጣሳ ይዘው ወጡ። በኋላ እንደሰማሁት ልጆቹ ምን እንደሚጠጡ አስቀድመው በስልክ አስጠይቀው ሳይንጡ ያቆዩት ወተት ነበር። እኔ ለክርክር ስዘጋጅ እርሳቸው ለልጆቼ ሲዘጋጁ ሰንብተዋል።

ያን ቀንና በማግስቱ እኔና ባለቤቴ ከእርሳቸው ጋር ሽሮና ጎመን በላን። ማንም አላስገደደንም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 14 ላይ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ያስተማረውን በኮሌጅ ሳለሁ ጽፌበት ጥሩ ውጤት አግኝቼበት ነበር። ፈተናውን የወደቅሁት ግን በዚያ ቦርሳ ነው።

የገና ሌሊት

እሑድ ማታ አማቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ተነሡ። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ባለቤቴ ባትሪውን ይዞ «ልሸኝሽ» አላቸው። «አንተ?» አሉት። «እስከ በሩ» አለ።

ሁለቱ በጨለማ ወጡ። መጀመሪያ ዝም ብለው ሲሄዱ ቆይተው መንገድ ሲያጋምሱ እናቱ ክንዱን ያዙት። «አሥራ አንድ ዓመት ይህን መንገድ ብቻዬን ሄድኩት» አሉት። ሌላ የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ባለቤቴም «ይቅር በይኝ እማዬ» አለ። ያመነውን ትቶ አልነበረም ይቅርታ የጠየቀው፤ ሳይጠይቃቸው ስላሳለፋቸው ዓመታት ነው። አንድ ጊዜ ተባረርሁ ብሎ ሁለተኛ አልሞከረም ነበርና። እርሳቸው ገቡ፤ እርሱ ተመለሰ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደገና ሄዶ ከበሩ ላይ ተቀበላቸው።

ሲመለሱ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ማዕዱ ተዘርግቶ ነበር። ለቤተሰቡ ጠላው ተቀድቷል። ከእኛ ፊት ግን ሌላ ማሰሮ ቀረበ፤ ብርዝ ነበር። አማቴ «እነርሱ የሚያሰክር አይጠጡም አሉ፤ ይህ ማርና ውኃ ብቻ ነው» አሉ። ቀጥለውም ወደ ባለቤቴ ዞር ብለው «የእግዚአብሔርን ቃል ተምረሃል አይደል? ማዕዱን ባርክ» አሉት። ባለቤቴ ተነሥቶ ጥቂት ቃላት ጸለየ። ስለ ተወለደው አዳኝ አመሰገነ፤ ስለ እናቱ አመሰገነ፤ ከዚያ ድምፁ ስለተቆረጠ ሁላችንም «አሜን» ብለን ጨረስንለት።

ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ሩሩን ይዘው ሜዳ ወጡ። በገና ጨዋታ ትልቅ ትንሽ የለምና ባለቤቴም ቆልማማውን በትር ይዞ ገባ። ቅልጥሙን ተመትቶ እያነከሰ ሲመለስ እናቱ ከልባቸው ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው።

የፈራሁት ጥያቄም አልቀረም። ማክሰኞ ጠዋት ልንነሣ ስንል «ይህቺን ልጅ ክርስትና አታስነሷትም?» አሉ። ባለቤቴ «እማዬ፣ አልዋሽሽም፤ አናስነሳትም። ስታድግና ስታምን ራሷ ትጠመቃለች» አለ። ፊታቸው ጠቆረ። ጥቂት ቆይቶ «ግን ስም አውጪላት» አላቸው። ልጅቷን ብዙ ጊዜ አይተው አንድ ስም ተናገሩ። እስከ ዛሬ በቤት ውስጥ የምንጠራት በዚያ ስም ነው።

ለወጣት ባለትዳሮች

ከዚያ ጉዞ የተማርነውን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ በዓሉ ሳይደርስ ሁለታችሁ ተስማሙ። እኛ መስከረምን ሆሳዕና፣ ገናን ደብረ ሲና ብለን ተከፋፈልን፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ዋና የሚለው በዓል የተለያየ ስለሆነ ማንም አልተጎዳም። የሁለታችሁም ቤተሰብ ዋና በዓል ገና ከሆነ ደግሞ ዓመት እየለዋወጣችሁ ሂዱ። ውሳኔውን ለየቤተሰቡ የሚናገረው የገዛ ልጁ ይሁን። ምራት ለአማቷ «ዘንድሮ አንመጣም» ብላ ብትነግር ቂሙ የሚተርፈው ለእርሷ ነው።

ሁለተኛ፣ ወጪውን ቀድማችሁ አስሉ። መጓጓዣው፣ ስጦታው፣ ለልጆች የሚያዘው ሁሉ ከጥቅምት ጀምሮ ጥቂት ጥቂት ይቀመጥ። ተበድሮ የተዋለ በዓል በጥር ጠብ ሆኖ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ዘመዶቻችሁ በእምነት የማይመስሏችሁ ከሆነ የማትችሉትን «አንችልም» በሉ፤ ነገር ግን በአክብሮትና በእውነት። የምትችሉትን ደግሞ በሙሉ ልብ አድርጉ። ባለቤቴ ከበሩ አልፎ አልገባም፤ እስከ በሩ ግን ሁለት ጊዜ ተመላልሷል።

ብዙዎች «ታዲያ አማትሽ ጌታን ተቀበሉ ወይ?» ይሉኛል። በእምነታቸው እንደ ጸኑ ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ግን ለገና በሄድን ቁጥር «ያን የልደቱን አንብብልኝ» ይሉት ጀመር። ባለቤቴ ያነብላቸዋል፤ እርሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። የቀረውን ለጌታ ትተናል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደረሰ። ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ አማቴም አንዲት ጥቅል ብቻ ይዘው አዲስ አበባ እኛ ቤት ገቡ። የዚያን ዓመት ገና እርሳቸው እንግዳ ሆኑ፤ እኔ አስተናጋጅ። የጾም ምግባቸውን ለብቻው በንጹሕ ድስት ሠራሁላቸው። የገና ዋዜማ ማታ ነጠላቸውን ለብሰው ሲነሡ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄ የስልኩን መብራት አበራ። «አያቴ፣ እኔ ልሸኝሽ» አላት። ያ እንቁላል ያወጣው ልጅ ነው።

ክንዱን ይዘውት ወጡ። እኔም ለማለዳው ብርዝ መበጥበጥ ጀመርሁ።

ጌታ መንገዳችሁን ይጠብቅ፤ ቤታችሁን በሰላም ይሙላ። መልካም የልደት በዓል!