ጉልቻው ሲለወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ አንባቢ የለም። የሚነገረውም የውጭው መልክ ተለውጦ የውስጡ ግብር እንደ ነበረ በሚቀርበት ጊዜ ነው። እኛ ግን ዛሬ ምሳሌውን ወደ ተወለደበት ወደ ወጥ ቤቱ መልሰን፣ ስለ እውነተኛው ጉልቻ ጥቂት ልንነጋገር እንወዳለን። በብዙ ቤት ጉልቻው በእርግጥ ተለውጧልና። ሦስቱ ድንጋዮች በነበሩበት ስፍራ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋር ተገጥሞ የሚቀመጥ የጋዝ ምድጃ ገብቷል። የወጡ ጣዕም የባለሙያዋ ነገር ነው። ጉልቻው ሲለወጥ የቤተ ሰቡ ልማድ አብሮ ካልተለወጠ ግን የሚጐዳው ወጡ ሳይሆን ሰው ነው።

እኛ በመምህርነት የምናገለግልባት ሺንሺቾ በከምባታ ምድር ያለች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የገጠር ቤት በእንሰት የተከበበ ነው፤ በቀድሞው ክብ ቤት ውስጥ ምድጃው ከሰውና ከከብት ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይውል ያድር ነበር። ጭሱም በጣራው ሣር ውስጥ እያጣራ ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት አስቀድሞ በእናቶች ዓይንና ሳንባ ያልፋል። የእኛም እናት ከሃምሳ ዓመት በላይ በእንዲህ ያለው ምድጃ ፊት ተቀምጠው ልጆች አሳደጉ። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሳላቸውም ክረምት በገባ ቁጥር ይነሣል። ይህ የእርሳቸው ዕጣ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሞተዋል፤ ከእነርሱም መካከል ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። እንግዲህ ጭስ የሌለውን ምድጃ የሚመኝ ሰው ቅንጦት ፈለገ ሊባል አይገባውም።

ይሁን እንጂ አዲሱ ምድጃ ሁሉን እንደማይችል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ወጥ ለመሥራት፣ ሻይና ወተት ለማፍላት፣ ለሕፃን አጥሚት ለማዘጋጀት እጅግ የተመቸ ነው። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን የእንጀራ ምጣድ ግን ትንሹ ነበልባል ዳር እስከ ዳር እኩል ሊያግልልን አይችልም፤ ለቆጮ ምጣድም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ለእንጀራና ለቆጮ የእንጨቱ ምድጃ በጓሮ፣ አየር እንደ ልብ በሚገባበት ዳስ ሥር ቀርቷል። ምጣድን በግድ በጋዝ ምድጃ ላይ መጣድ ጋዙን ማባከን ነው፤ ሙቀቱም ወደ ጐን ተመልሶ የምድጃውን መዘውሮችና ጠረጴዛውን ያበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በሲሊንደር የሚሸጥልን ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ከተባሉ ሁለት ጋዞች የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በግፊት ታምቆ ፈሳሽ የሆነ ነው። አንድ ሊትሩ ከሲሊንደሩ ሲወጣ ተስፋፍቶ ወደ 250 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይሆናል። ጋዙም ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ጊዜ ተኩል፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል። የእንጨት ጭስ ወደ ላይ ሲወጣ እናያለን፤ ዓይናችንንም አቃጥሎ «ከዚህ ሽሹ» ይለናል። ይህ ግን አይታይም፣ ዓይን አያቃጥልም፤ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ በወለሉ ላይ ይተኛል፤ በካቢኔት ሥርና በጕድጓድ ይጠራቀማል። በአየሩ ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ከሆነ በኋላ አንዲት የእሳት ብልጭታ ብቻ ትበቃዋለች።

ጋዙ በተፈጥሮው ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። የምናሸተው ክፉ ሽታ ሰዎች ለማስጠንቀቂያ ብለው የጨመሩበት ነው። ይህም ልማድ የጸናው በብዙ ሕፃናት ደም ነው። መጋቢት 9 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1937) በአሜሪካ አገር በቴክሳስ፣ ኒው ለንደን በተባለች ስፍራ በነበረ ትምህርት ቤት፣ ለማሞቂያ የገባው የተፈጥሮ ጋዝ ከወለሉ ሥር ፈስሶ ተጠራቀመ። ሽታ ስላልነበረው ማንም አላወቀም። የእጅ ሥራ መምህሩ የእንጨት ማለስለሻውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲያበራ ብልጭታው ጋዙን ለኰሰው፤ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንም ሞቱ። ከዚህ በኋላ የቴክሳስ መንግሥት በጋዝ ላይ ሽታ እንዲጨመር በሕግ አዘዘ። እኛም መምህር እንደ መሆናችን ይህን ታሪክ ያለ ሐዘን ልናነበው አንችልም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ሽታው ደወል ነው፤ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያም ክብሪት ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ደወሉን የሚያውቅለት ሰው ከሌለ ደወል ብቻውን ምን ይጠቅማል? በከተማችን በምናውቀው በአንድ ቤት እንዲህ ሆነ። የጋዙ ምድጃ በተገጠመ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከገጠር መጥታ በዘመዶቿ ቤት እያገለገለች የምትማር ልጅ ማለዳ ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ክፉ ሽታ ሸተታት። ለቤቱ እመቤት «እትዬ፣ ሽንኵርቱ በስብሷል» አለቻቸው። እርሳቸውም «አውጥተሽ ጣይው» አሏት። ልጅቱ የሽንኵርቱን ከረጢት አውጥታ ደፋች፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ሁለተኛም ጎመኑን አወጣች። በሦስተኛው ቡና ልታፈላ ክብሪት ባነሣች ጊዜ የቤቱ ጌታ ደርሰው እጇን ያዙ። በኋላ ሲመረመር ጋዙ የሚያልፍበት ጎማ ከሬጉሌተሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ላልቶ ተገኘ። የወጥ ቤቱ በር ከሥሩ ክፍተት ስለ ነበረው ሌሊቱን ከፊሉ ጋዝ ወደ ደጅ ፈስሶ ነበር። በዚያ ቤት ምድጃው ሲገጠም ባለሙያው ለቤቱ ጌታ ሁሉን አስረድቷቸው ነበር። ማለዳ ማለዳ እሳቱን የምትለኵሰው ልጅ ግን በዚያ ሰዓት ውሃ ልትቀዳ ተልካ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፋችን ፍሬ ነገር ይህ ነው። በብዙ ቤት ምድጃውን የሚገዛው አንድ ሰው፣ መመሪያውን የሚሰማው አንድ ሰው ነው፤ በየቀኑ የሚለኵሰው ግን ሌላ ነው። ከሁሉ ይልቅ እሳቱን የሚቀርበው ሰው ከሁሉ ያነሰ የተነገረው ነው። እኛ በልጅነታችን ለድቁና ስንማር ለጽናው ፍሕም ማዘጋጀትን ተምረናል፤ ፍሕሙ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሰንሰለቱ ከልብስ እንዴት እንደሚርቅ ሳይነገረው ጽና የሚጨብጥ ልጅ አልነበረም። ለቤታችን እሳትስ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ይገባልን?

በእኛ ቤት ምድጃው ሲገጠም ሥራ ትተን ከባለሙያው አጠገብ ዋልን። ወጣቱ ባለሙያ ሲሊንደሩን በካቢኔቱ ውስጥ ዘግቶ ሊያስቀምጠው አስቦ፣ «መምህር፣ ቢደበቅ እኮ ለዓይን ያምራል» አለን። እኛም «ልጄ፣ ለዓይን ያማረው ለሳንባ ቢከፋስ?» አልነው። በመጨረሻ ሲሊንደሩ ከግድግዳው ውጭ፣ ፀሐይና ዝናብ በማያገኘው ጥላ ሥር፣ ጕድጓድ በሌለበት ደልዳላ ስፍራ ቀጥ ብሎ ቆመ። በቤት ውስጥ ከማስቀመጥ ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው ካቢኔቱን ከወለሉ አጠገብ ዝቅ ብለው በተበሱ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ያናፍሰው፤ ጋዙ ወደ ታች ስለሚወርድ ከላይ ብቻ የተበሳ ቀዳዳ አይጠቅምም።

ሌሎቹንም ነገሮች በተራ እንንገር። የጠረጴዛው ድንጋይ የሚቈረጠው ከምድጃው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ባለው ልክ እንጂ በግምት አይደለም። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ርቀት በዚያው ወረቀት ይገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ 65 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው። መጋረጃ በአጠገቡ አይሰቀል። ከውጭ አገር ከሚመጡት ምድጃዎች ብዙዎቹ ለተፈጥሮ ጋዝ የተዘጋጁ ናቸው፤ ጋዙ የሚተነፍስባት ኖዝል የምትባል ትንሽ የነሐስ ቍራጭ ለሲሊንደር ጋዝ በተሠራችው ካልተለወጠች ነበልባሉ ከልክ በላይ ትልቅና ቢጫ ይሆናል፤ ድስቱንም ያጠቍራል። ሬጉሌተሩ ከሲሊንደሩ አፍና ከምድጃው ግፊት ጋር የሚስማማ ይሁን። ጎማው ለጋዝ ተብሎ የተሠራ፣ አጭር፣ ከሚግል ነገር የራቀ ይሁን፤ በላዩ የታተመው ዘመን ሲያልፍ፣ ወይም ሲሰነጠቅና ሲደርቅ ይለወጥ። ከሁሉም በላይ፣ ድስት ገንፍሎ ነበልባሉን ሲያጠፋው ጋዙን በራሱ የሚዘጋ መሣሪያ ያለውን ምድጃ መርጦ መግዛት የሚበልጥ ነው። ሽሮ የሚሠራ ቤት ሁሉ ድስት መገንፈሉን ያውቃልና።

ሥራው ካለቀ በኋላ ባለሙያው ሳሙና በውሃ በጥብጦ በመጋጠሚያዎቹ ሁሉ ላይ ቀባ። አረፋው ተነፍቶ ከተነሣ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። ይህን ፈተና ሲሊንደር በተለወጠ ቍጥር ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። በክብሪት መፈተሽ ግን ከቶ አይገባም። እንደዚሁም ሲሊንደር ሊሞላ ሲሄድና ሲመለስ በባጃጅ ወንበር ሥር አጋድሞ መጫን ልማድ ሆኗል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ሲሊንደር ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይጓዛል፣ ቀጥ ብሎም ይቆማል።

በየቀኑ ደግሞ እንዲህ ይደረግ። በክብሪት የሚለኰስ ምድጃ ከሆነ አስቀድሞ ክብሪቱ ይጫር፣ ቀጥሎ ጋዙ ይከፈት። ነበልባሉ ሰማያዊ ይሁን፤ ቢጫ ሲሆን አየር አንሶታል ወይም ቀዳዳዎቹ ቈሽሸዋልና ባለሙያ ይጠራ። ሲበስል መስኮት ይከፈት፤ አየር ያነሰው እሳት ሽታ የሌለውን፣ በከሰል ጭስ ስንቱን ቤተ ሰብ በእንቅልፉ የቀጠፈውን መርዘኛ አየር ያወጣል። ስለዚህም ምድጃውን ለቤት ማሞቂያ ማድረግ አይገባም። የድስት እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር፤ ሕፃናት ከሥር ይጐትቱታልና። ማታ የምድጃው መዘውር ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩ ራሱ ይዘጋ።

ሽታ በመጣ ጊዜ መብራት አይበራ፣ የበራውም አይጥፋ፤ ክብሪት፣ ሻማና ኩራዝ አይነካ። በከተማችን መብራት በሚጠፋበት ምሽት እጅ አስቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ክብሪት ስለ ሆነ ይህ በተለይ ይታሰብበት። ሲሊንደሩ በቀላሉ የሚደረስበት ከሆነ ይዘጋ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሰው ሁሉ ይውጣ፤ ስልክም ከውጭ ይደወል። ዘይት በድስት ውስጥ ቢቀጣጠል ጋዙን ዘግቶ ድስቱን መክደን እንጂ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ያበዛዋል። ሰው ቢቃጠል ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ቅቤ፣ እንቍላልና የጥርስ ሳሙና መቀባት ይጐዳል።

ይህን ሁሉ በቤታችን በወረቀት ጽፈን በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። እናታችን ግን ማንበብ አይችሉምና፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከልጆቹና ከቤት ሠራተኛችን ጋር አስቀምጠን በቃል አስተማርናቸው። ሁሉም በየተራ ከፈተ፣ ለኰሰ፣ ዘጋ። እናታችን እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳምጠው፣ «እንግዲህ የድሮው እሳት በዓይን ይጠበቅ ነበር፤ ይኸኛው በአፍንጫ ይጠበቃል በለኛ» አሉ። ከእኛ ረጅም ትምህርት ይልቅ ይህች ቃል በልጆቹ ልብ ተተከለች። ዛሬ ማታ ማታ ወደ መኝታ ሳይሄዱ በዱላቸው እየተመሩ ወደ ወጥ ቤቱ ደርሰው የሚያሸቱት እርሳቸው ናቸው። ጭስ ዓይናቸውን ቢያደክመውም አፍንጫቸውን አልወሰደውም።

ውድ አንባብያን ሆይ፣ ከቤታችሁ የጋዝ ምድጃ ካለ ዛሬ ማታ አንድ ነገር እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። ቤተ ሰቡ ለእራት ሲሰበሰብ፣ «የሲሊንደሩ መዝጊያ የት ነው? ወደ የትኛውስ ጐን ይዘጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄውንም ከአባወራው አትጀምሩ። ነገ ማለዳ ከሁሉ በፊት ተነሥታ እሳቱን ከምትለኵሰው ጀምሩ።