ሳይለኩ መፍረድ

አክስታችን ከጀርመን ለታናሽ ወንድማችን ያመጣችለት የአሻንጉሊት ባቡር አንድ ኩርባ ላይ ሲደርስ ከሐዲዱ እየወጣ አስቸገረ። እኛም «ሰብረኸው ነው!» ብለን ልጁን አስለቀስነው። ጋዜጠኝነት ተመርቀን ሳናጣራ ፈረድን ማለት ነው።

ማታ ጊዜው ካለፈበት የተማሪ መታወቂያችን 16.5 ሚሊሜትር ስፋት ያላት መለኪያ ቆረጥን። ባቡሩ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ስፋት፣ 1435 ሚሊሜትር፣ ለ87 ሲካፈል ይኸው ነው የሚመጣው።

መለኪያዋ በሐዲዶቹ መሃል ሽር ብላ ሄዳ ኩርባው ላይ ተቀረቀረች። ሐዲዱ ጠቧል! መጋጠሚያውን በጥፍራችን ስንዳስሰው ደግሞ አንዱ ጫፍ ከፍ ብሏል። በፒንሳ ቀስ ብለን አስተካከልነው፤ ባቡሩም አለፈ።

ልጁን ይቅርታ ጠየቅነው። «መታወቂያሽ ጠቀመ» አለን። እውነቱን ነው፤ ከተመረቅን ወዲህ የመጀመሪያ ሥራው ነበር።